ጥቁር ፀሐይ በነጭ በረዶ ላይ

ካሜራ የጨበጠ ሰው ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው አንድ ሕግ አለ፤ ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ ይባላል። ሠርግ የሚያነሣው፣ ምርቃት የሚያነሣው፣ መናፈሻ በር ላይ ቆሞ ደንበኛ የሚጠብቀው ሁሉ ይህን ሕግ ያውቃል። ሕጉም መጥፎ አይደለም፤ ፊት ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ደንበኛም ደስ ብሎት ይከፍላል። በበረዶ ምድር ግን ሕጉ ይከሽፋል። ፀሐይ ከጀርባችን ሆና በረዶ የለበሰ ሜዳ ብናነሣ የምናገኘው ባዶ ወረቀት ነው። የእያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ከጉብታው በስተኋላ ስለሚወድቅ ለዓይናችን አይታይም፤ ኮረብታው ከሸለቆው፣ ዱካው ካልተረገጠው አይለይም። ፊታችንን ወደ ፀሐይ ስናዞር ጥላው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል፤ ነፋስ ያበጠረው በረዶ እንደታረሰ ማሳ ትልም ያወጣል፤ ባዶ የነበረው ወረቀት ይጻፍበታል። ዋጋ ግን ያስከፍላል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ዋጋውን እነማን እንዴት እንደከፈሉት፣ ማንስ ሳይከፍል እንደከፈለ ሆኖ እንዳለፈ ነው።

ይህ መጽሔት በስቴንስል የሚባዛ ስለሆነ ሥዕሎቹን እዚህ ማተም አንችልም። ስቴንስል ቀለም ወይ ያሳልፋል ወይ አያሳልፍም፤ ግራጫ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ አንባቢ በቃል የምንለውን ይታገሠን፤ የቻለም ፎቶግራፎቹን ፈልጎ ይያቸው። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንድ የቃል ችግር ደግሞ አለብን። «በረዶ» የምንለው ቃል የሦስት ነገሮች ስም ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚቀጠቅጠውም በረዶ ነው፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚንሳፈፈውም በረዶ ነው፣ ድምፅ ሳያሰማ እንደ ጥጥ እየበነነ የሚወርደውም በረዶ ነው። የኢሳይያስን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመለሱ አባቶች ይህን የመጨረሻውን «አመዳይ» ብለውት ነበር፤ ለእኛ ግን አመዳይ ከውርጭ ጋር ተምታቶብናል። «ክረምት»ማ የባሰ ነው። ከሩስያ የተተረጎመ ልብ ወለድ ስናነብ «በክረምቱ» ሲል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጭቃና ጭጋግ፣ አረንጓዴ መስክና የሞላ ወንዝ ነው፤ ደራሲው ግን ስለ ነጭ ዝምታ ነበር የሚያወራው። ሰሜን ተራራ ላይ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ያለው የራስ ዳሸን ጫፍ አልፎ አልፎ ነጭ መልበሱ እውነት ነው፤ ግን ሰንብቶ ቃል አልፈጠረልንም። እኛ እዚህ በረዶ የምንለው ያንን የሚበነነውን፣ ወቅቱንም «የበረዶ ወራት» እንለዋለን።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። አዲስ የወረደ በረዶ ከሚያርፍበት መቶ እጅ ብርሃን ሰማንያ እስከ ዘጠና እጁን ይመልሳል። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ደግሞ ዓለምን ሁሉ የሚገምተው መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው፤ በተለምዶ 18 እጅ የሚመልስ ገጽ እንደ መነሻ ይጠቀሳል። መለኪያውን አምኖ በረዶ ያነሣ ሰው አመድ የመሰለ ሜዳ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ልምድ ያለው ሰው መለኪያውን ሳይሰማ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይጨምራል። ይህ ፀሐይ ከጎን ወይ ከጀርባ ስትሆን ነው። ፀሐይዋ ራሷ ሥዕሉ ውስጥ ከገባችስ? መለኪያው ይደነግጣል፤ የቀረውን ሁሉ ያጨልመዋል። ጥሩ የሚባለው የፎቶግራፍ ወረቀት ከጥቁሩ እስከ ነጩ ያለው ልዩነት ከመቶ እጥፍ ብዙም አይርቅም፤ በፀሐይዋ ክብና በዛፉ ጥላ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከዚያ እጅግ፣ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ መሥዋዕት መሆን አለበት። ወይ ፀሐይዋ ቅርጿን አጥታ ነጭ ቀዳዳ ትሆናለች፣ ወይ ምድሩ ጠቁሮ የከሰል ሥዕል ይሆናል። መምረጥ የግድ ነው። «ካሜራ ያየውን ብቻ ይመሰክራል» የሚለው አባባል ከዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ አፉን ይዘጋል ማለት ነው።

የምርጫውን ነገር ቀድሞ በትልቁ የተጋፈጠው እንግሊዛዊው ኸርበርት ፖንቲንግ ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም። ከ1910 ጀምሮ በቴራ ኖቫ መርከብ ከካፒቴን ስኮት ጋር ወደ ደቡብ ዋልታ አህጉር ተጉዞ፣ በመስተዋት ነጋቲቭ ሠርቶ በ1912 ተመለሰ። የተጣለበት ፈተና ቀላል አልነበረም። ከብርድ ወደ ሞቃቱ ጎጆ የገባ ካሜራ ላብ ያልበዋል፤ የካሜራ ብረት የነካ ምላስ ተጣብቆ ይቀራል፤ ይህ በእርሱ በራሱ ላይ የደረሰ ነው። ጓደኞቹም አሳሩን አብረው በልተዋል፤ «ቁም፣ እንዳትንቀሳቀስ» እየተባሉ በውርጭ ስለቆሙ ከስሙ ቀንሰው «መፖንት» የሚል ግሥ አወጡለት፤ ትርጉሙ ደርቆ እስኪቀር ድረስ ለፎቶግራፍ መቆም ነው! ጥር 5 ቀን 1911 ከአንድ ተንሳፋፊ የበረዶ ግግር ዋሻ ውስጥ ሆኖ ያነሣት ሥዕል ከሁሉ ትታወቃለች፤ ዙሪያው ጨለማ ነው፣ በዋሻው አፍ ብርሃን ይታያል፣ በብርሃኑ ውስጥ ሩቅ መርከቧ ቆማለች። ይህች በቀጥታ ወደ ፀሐይ የተነሣች አይደለችም፤ ግን የፖንቲንግ ዘዴ ሁሉ በውስጧ አለ። ብርሃኑን ከፊት ያደርጋል፤ ከዚያ አንድ ትንሽ ጥቁር ነገር፣ ሰው ወይ መርከብ፣ እብርሃኑ ላይ ያቆማል።

ጥሩ ነው። ውበቱን አንክድም። ነገር ግን አንድ ቅሬታ አለን። ስኮትና አራቱ ጓደኞቹ በ1912 ከዋልታው ሲመለሱ አለቁ፤ ፖንቲንግ ቀደም ብሎ መጥቶ ነበርና ሥዕሎቹን ይዞ ለዓመታት ንግግር እያደረገ አሳያቸው፣ በ1921 መጽሐፍ፣ በ1933ም ድምፅ ያለው ፊልም አደረጋቸው። ከሞቱ በኋላ እነዚያ በብርሃን ላይ የቆሙ ትንንሽ ጥቁር ሰዎች ሁሉ ሰማዕታት ሆነው ታዩ። ብርሃኑ እኛን ወክሎ ያለቅሳል፤ ተመልካቹ የሚሠራው ነገር የለም። በዚያ ምድር የስሌት ስሕተት፣ የስንቅ ጉድለት፣ የሰው እልህ ነበረ፤ ከእነዚህ አንዱም ፀሐይ ፊት ሲቆም አይታይም። ጥቁር ምስል ፊት የለውምና።

ሁለተኛው ፍራንክ ኸርሊ ነው፤ አውስትራልያዊ። በሻክልተን ጉዞ ላይ፣ ከ1914 እስከ 1917፣ ኢንዱራንስ የተባለችው መርከብ በበረዶ ተጨፍልቃ ስትሰምጥ አይቷል። ነጋቲቮቹን ከበረዶ ውኃ ውስጥ ጠልቆ አወጣ፤ ከዚያ ሁሉንም መሸከም ስላልተቻለ ከሻክልተን ጋር ተቀምጦ 120 ያህሉን መርጦ 400 ያህሉን እዚያው ሰባበረ። የሰበረበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከቀሩ ተመልሶ ለመውሰድ ይፈተናል። ይህን ያደረገ ሰው በድፍረት የሚታማ አይደለም። ግን ይኸው ሰው ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል! ሰማዩ ባዶ ከመሰለው ከሌላ ነጋቲቭ ደመና አምጥቶ ይለጥፍበታል። ሚያዝያ 24 ቀን 1916 ስድስት ሰዎች ጄምስ ኬርድ በተባለችው ጀልባ ከኤሌፋንት ደሴት ለእርዳታ ሲሄዱ ያነሣው ሥዕል፣ በኋላ ተነካክቶ ነሐሴ 30 ቀን የመጣው አዳኝ መርከብ ሲደርስ ነው ተብሎ ቀረበ። ሰዎቹ እጃቸውን የሚያውለበልቡት ለሚሄዱት ነበር፤ ለሚመጡት ተደረገ። ስንብት ምሥራች ሆነ። በ1917 ደግሞ በጦር ግንባር በዚሁ ልማዱ ሲቀጥል የአውስትራልያው የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ ቢን ሐሰት ነው ብሎ ተጋፈጠው። ኸርሊ አንድ ነጋቲቭ ብቻውን የነገሩን ትልቅነት አይዝም ሲል ተሟገተ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱ ከንቱ አይደለምና። አንድ ነጋቲቭ ፀሐይንና ጥላን አብሮ አይዝም ብለን ራሳችን ከላይ ጽፈናል። ታዲያ ኸርሊ ቢደራርብ ምን አጠፋ? የእኛ መልስ ይህ ነው። የጠፋውን ነገር ከሌላ ቦታ ማምጣቱ አይደለም ዋናው ጥፋት፤ ምንም ነገር እንዳልጠፋ ማስመሰሉ ነው። ተመልካቹ ሥዕሉን ሲያይ ካሜራ ሁሉን የሚችል፣ ዓለምም ሁልጊዜ ለትያትር የተሰናዳ ይመስለዋል። የመሥዋዕቱ ደም ታጥቦ ተወገደ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ገና ከዚህ ሳንደርስ ያቋርጡናል፤ «ሰው እየተራበ ስለ በረዶና ፀሐይ ታወሩናላችሁ እንዴ?» ይላሉ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ካርቲየ ብሬሶን ገና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ዓለም ስትፈርስ እነ አዳምስ ድንጋይ ያነሣሉ ብሎ መተቸቱ ሲነገር ኖሯል። ክሱ ክብደት አለው፤ ድንጋይና በረዶ ብቻ እያነሣ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ብዙ ነገር አምልጦታል። ነገር ግን ምስክርነት የሚባለውን ነገር፣ ለረሃቡም ለጦርነቱም የምንተማመንበትን፣ እስከ መጨረሻው የሚፈትነው ይኸው ነጭ ሜዳ ነው። ካሜራው ሕዝብ በሌለበት፣ ፖለቲካ በሌለበት፣ ለመዋሸት ምንም ምክንያት በሌለበት ቦታ እንኳ ከዋሸ፣ ምክንያት ባለበትማ!

ስሙ ከተነሣ አይቀር አንሰል አዳምስ በአንድ ነገር ይመሰገናል፤ ምርጫውን ገልጦ ደንብ አወጣለት። ከፍሬድ አርቸር ጋር በ1940 ገደማ የነደፈው የዞን ሥርዓት ብርሃንን ከፍጹም ጥቁር እስከ ፍጹም ነጭ ከዜሮ እስከ አሥር ይከፍላል። በፀሐይ ያለ ገጹ የሚለይ በረዶ ስምንተኛው ላይ፣ በበረዶ ላይ ያረፈ ጥላ ስድስተኛው ላይ ይቀመጣል። ፎቶግራፈሩ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ህትመቱን በሐሳቡ አይቶ ይጨርሳል። ይህ አስተማሪ ነው፤ ከልምድ ጨዋታም ያወጣል። ግን ሁሉን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ምን ይደርስበታል? ደርሶበታል። በ1939 በካሊፎርኒያ ኦወንስ ሸለቆ በቀጥታ ወደ ፀሐይ ያነሣት ሥዕል ላይ ፀሐይዋ ጥቁር ሆና ወጣች፤ ስሟም «ጥቁር ፀሐይ» ነው። ነገሩ ምትሐት አይደለም። በፊልሙ ላይ ያለው የብር ጨው ብርሃን በበዛበት መጠን ይጠቁራል፤ በህትመቱም ይነጣል። ብርሃኑ ከልክ ሲያልፍና ሲያልፍ ግን የመጥቆር አቅሙ ይከዳውና ወደኋላ ይመለሳል፤ ያኔ በህትመቱ ላይ የሚወጣው ጥቁር ነው። ሶላራይዜሽን የሚባለው ይህ ነው። ማን ሬይ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነጋቲቩ እየታጠበ ሳለ መብራት እያበራ የሠራበትን ዘዴም በዚሁ ስም መጥራት ተለምዷል፤ ልክ አይደለም፤ ያኛው ሌላ ነው።

ከአዳምስ ጋር በሳን ፍራንሲስኮ ያስተማረው ማይነር ዋይት ግን ነገሩን ከሁሉም ራቅ አድርጎ ወሰደው። ዋይት በ1908 ተወልዶ በ1976 የሞተ አሜሪካዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ነበር፤ በ1946 ሽማግሌውን ስቲግሊትዝን አገኘ፤ በ1952 ከሌሎች ጋር «አፐርቸር» የተባለውን መጽሔት መሠረተ፤ በ1953 ወደ ሮቸስተር ሄደ። ሮቸስተር በረዶ የማይጠፋባት፣ የኮዳክ ፊልም ፋብሪካ የነበረባት ከተማ ናት። በ1955 በብርድ ወራት ገጠር ላይ ካሜራውን ወደ ፀሐይ አዞረ። የካሜራው መዝጊያ በብርዱ ተያዘ። በሌንሱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ምላሶች በፍጥነት ተከፍተው መዘጋት ሲገባቸው ዘገዩ፤ ካሰበው በላይ ብርሃን ገባ። ፀሐይዋ ጠቆረች። የሥዕሉ ስም እንደገና «ጥቁር ፀሐይ» ነው።

ሁለቱ ሥዕሎች ስም ይጋራሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የአዳምስ ፀሐይ ትርኢት ናት፤ የሠለጠነ እጅ ያወጣት ትመስላለች። የዋይት ፀሐይ ግን ብርዱ ራሱ የሠራት ናት። ይህ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በሌላ ሥዕል ሁሉ ብርድ የሚታየው በምልክት ነው፤ በነጭ መሬት፣ በራቁት ዛፍ፣ በተጠቀለለ ሰው። እዚህ ብርዱ ካሜራው ውስጥ ገብቶ ብረቱን ይዞ በገዛ እጁ ፈረመ። ሥዕሉ ስለ ብርድ አይናገርም፤ ብርድ የነካው ዕቃ ነው።

«እንግዲያው ስሕተት ነዋ! ዕቃ ሲበላሽ ጥገና ነው እንጂ ሂስ ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖራል። በየቀኑ ስንት ሺህ ነጋቲቭ ይበላሻል፤ ማንም አያየውም። ስሕተቱ የብርዱ ነው፤ ነጋቲቩን አጥቦ፣ አይቶ፣ አልጥልም ብሎ፣ አትሞ፣ ስም ሰጥቶ ማውጣቱ ግን የዋይት ነው። ይህም ብቻ አይበቃም፤ ያልተጣለ ሁሉ ሥራ ቢሆን ኖሮ የእኛም ጠረጴዛ ሥር በጥበብ በሞላ ነበር። ይህኛው የሚቆመው የቀረው ዓለም በቦታው ስለሆነ ነው። መሬቱ መሬት ነው፤ ብርሃን አርፎበታል። ሁሉን የምታበራው ብቻ ጨልማለች። ተመልካች ብርሃኑን ያያል፤ የመጣበትን ሲፈልግ ጥቁር ክብ ያገኛል። ፋኖስ የሌለው ብርሃን! ፖንቲንግ ሰውን አጥቁሮ ፀሐይን አከበረ፤ ኸርሊ ምንም እንዳልጎደለ አደረገ፤ ዋይት ግን መሥዋዕቱን ሥዕሉ መሐል አስቀመጠው። ካሜራው ፀሐይን ማየት አልቻለም፤ አለመቻሉን አየን።

ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች አንድ ወጥመድ አለ። ፀሐይ ጠቆረች ሲባል ወዲያው የሚመጣብን ስቅለት ነው፤ ወይም ለቅሶ፣ ወይም የመንግሥት መውደቅ። በግጥሞቻችንም ነጭ ሁልጊዜ ደግ፣ ጥቁር ሁልጊዜ ክፉ ነው፤ ይህ ልማድ በዚሁ መጽሔት ገጾች ላይ እንኳ ስንት ስንኝ እንዳበላሸ ያነበበ ያውቃል። በዚህ ዓይን ስንሄድ የዋይትን ሥዕል «የዘመኑ ሐዘን» ብለን ፈርጀን እንዘጋለን። ሥዕሉ ግን አያለቅስም። ጥቁሩ የመጣው ከብርሃን ማነስ ሳይሆን ከመብዛት ነው። ይህን የኬሚስትሪ እውነት የማያውቅ ተመልካች ምሳሌውን ገልብጦ ያነባል፤ ስለዚህም ነው ስለ ብር ጨው ያን ያህል የደከምነው።

ዛሬ ይህን ሥዕል ማንሣት ቀላል አይደለም። በኪሳችን ያለው ስልክ ወደ ፀሐይ ሲዞር በአንድ ቅጽበት ብዙ ምስሎች ያነሣል፤ ከአንዱ ሰማዩን፣ ከሌላው ጥላውን መርጦ ያጣብቃል። ኸርሊ በሌሊት የሠራውን ስልኩ ሳንጠይቀው ቀን በቀን ይሠራዋል፤ የሚጋፈጠው ቻርልስ ቢን ግን የለም። በካርዱና በቀን መቁጠሪያው ላይ የምናየው የበረዶ ሥዕል ሁሉ የዚሁ ዘር ነው። በረዶው ያበራል፣ ጥላው ሰማያዊ ነው፣ ፀሐይዋም በዛፉ ቅርንጫፍ መካከል ኮከብ ሆና ጨረሯን ዘርግታለች። ኮከቧንም የሚሠራት የሌንሱ ዲያፍራም ነው፤ ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ በምላሶቹ ጠርዝ ላይ ይበተናል፤ ምላሶቹ ስድስት ከሆኑ ስድስት ጨረር፣ ሰባት ከሆኑ አሥራ አራት። ይህችን የካሜራ ጠባይ ሁሉም ይወዳታል፤ ታምራለቻ። ጥቁሯን ፀሐይ ግን ማንም አይወዳትም። የሚገርመው፣ አንዳንድ የዲጂታል ካሜራ ሴንሰሮችም ፀሐይ ስትበዛባቸው መሐሏን ጥቁር ነጥብ አድርገው ያወጡ ነበር፤ ፊልም የለ፣ ብር የለ፣ ምክንያቱም ፈጽሞ ሌላ ነው። አምራቾቹ ጉድለት ነው ብለው በማስተካከያ ፕሮግራም አጠፉት።

በመጨረሻ ከዋይት ጋር የምንጣላበት ነገር አለ። በ1969 ባወጣው መጽሐፉ ለዚህች ሥዕል ማስታወሻ ጽፎላታል። የመዝጊያውን መያዝ ይናገራል፤ እዚያ ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። አላቆመም። ፀሐይ የምትነድ ሳትሆን የሞተች ፕላኔት ናት፣ ብርሃኗንም የምንሰጣት እኛ የምድር ሰዎች ነን ወደሚል ነገር ይሄዳል። ዋይት ለዜን ትምህርትና ለምሥጢራዊ ፍልስፍና ያደላ ሰው ስለነበረ ከእርሱ አይገርምም። እኛ ግን አንቀበለውም። በብርዱ የተያዘች አንዲት ብረት የፈረመችውን ሥዕል ወስዶ የሰው መንፈስ ድል ማድረግ ለኸርሊ ደመና የቀረበ ነው፤ የተለጠፈው በቃል ብቻ ነው። ሥዕሉን ያገኘ ሰው ማስታወሻውን ሳያነብ በፊት በደንብ ይየው።